ጾም ብለን የጻፍነው አለርጂ

ሥራ የጀመርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ ዲላ ውስጥ፣ በአንድ የኅዳር ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሆቴሉ ዋናው መንገድ ላይ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ ሌላ ሰው ይዞታል። ባለቤቱ ጋሽ ሙላቱ ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪና አንድ የብረት ትሪ ሰጡኝና «ስድስት ብርጭቆ ውሃ ሙላና ግቢውን ሦስት ጊዜ ዙር» አሉኝ። ዞርኩ። በሁለተኛው ዙር ላይ አንዱ ብርጭቆ ተንሸራቶ ጫማቸው ላይ ተደፋ። ብርጭቆውን አንስተው አገላብጠው አዩና «አልተሰበረም፤ ከሰዓት በኋላ ግባ» አሉኝ። እንደዚያ ነው የተቀጠርኩት።

በእኛ ሙያ ማዕረጉ ቀላል ነው። ከታች ጠረጴዛ ወልዋይ አለ፣ ከእሱ በላይ አስተናጋጅ፣ ከአስተናጋጆች በላይ ደግሞ አለቃቸው ካፖ። ወጥ ቤቱ ግን የእትዬ ዘነበች ግዛት ስለነበር ማዕረግ አይሠራበትም፤ ጋሽ ሙላቱ ራሳቸው እንኳ አንኳኩተው ነበር የሚገቡት። ትእዛዝ የምንቀበለው ካርቦን ባለው ማዘዣ ወረቀት ላይ ነው። አንዱ ቅጂ በመስኮት ለወጥ ቤት ይሰጣል፣ ሌላው ለሒሳብ ያዡ። ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ነገር እትዬ ዘነበች ዘንድ የለም። አጠገቧ ቆሜ ብለፈልፍ እንኳ «ጻፈው» ብላ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር።

እኔ ወሬ ወዳድ ነኝ፣ አልክድም። ለዚህም ነው ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ከዓመቱ ሁሉ አስበልጬ የምወደው። ቡና ገዢዎችና ቀማሾች ከየአገሩ ይመጡና ጠዋት ወደ ኮንጋና ወደ ይርጋጨፌ ወጥተው ሲመሽ አቧራ ለብሰው ይመለሳሉ። አንድ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ጃፓኑ፣ አሜሪካዊቷ፣ ኖርዌዩ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የማልጠይቃቸው ነገር አልነበረም። ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት ካፖ የሆንኩትም በዚህች ምላሴ ነው።

ካፖ በሆንኩበት ዓመት፣ በጾመ ነቢያት፣ አንዲት አሜሪካዊት ቡና ገዢ የጾም በያይነቱ አዘዘች። ከመብላቷ በፊት «ለውዝ አለበት?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእኔ ለውዝ ማለት መናኸሪያው በር ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው ነው። «ወጥ ውስጥ? ኧረ የለም!» ብዬ ሳቅሁ። ወጥ ቤት ገብቼ የጠየቅሁት ሰው አልነበረም። እትዬ ዘነበች ግን ጾም በገባ ቁጥር በቅቤው ፋንታ ለውዝ ቆልታ፣ አድቅቃ፣ አትክልቱ ላይ ጣል ታደርግ ነበር። ወጧ በከተማው የተወደደው በዚህ ምስጢር ነው።

ሴትዮዋ ሁለቴ ጎረሰችና እጇን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከንፈሯ ዓይኔ እያየ አበጠ። ባልደረባዋ ቦርሳዋን ዘርግፎ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር ሰጣት፤ እሷም ሱሪዋን እንደለበሰች ጭኗን ወጋችው። ትሪውን ለቅቄ «ኧረ ራሷን ልትገድል ነው!» ብዬ ጮህኩ። እስክሪብቶ የመሰለኝ ነገር መድኃኒት ነበር። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰዷት።

በማግስቱ እግሯን እየጎተተች መጥታ ከእኔ ጋር ተቀመጠች። አልተቆጣችም። አለርጂ ምን እንደሆነ በዝግታ አስረዳችኝ፦ ሰውነቷ ለውዝን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል፣ ሲያገኘውም ጉሮሮዋን እስኪዘጋ ድረስ ይቆጣል። ቅንጣት ትበቃለች። በአገሯ እንደሷ ያሉ ልጆች ስላሉ ለውዝ የማይገባባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። አፌን ከፍቼ ሰማኋት። ሰው በለውዝ ይሞታል ብሎ የነገረኝ ፍጡር እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም።

ነገሩን ለእትዬ ዘነበች ማስረዳት ደግሞ ሌላ ፈተና ነበር።

«በአንዲት ማንኪያ ለውዝ?» አለችኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ።

«በቁንጣሪም ቢሆን።»

«ለውዙ ወጥቶ ድስቱ ብቻ ቢቀርስ?»

«ድስቱም አይሆንም።»

«ጭልፋው?»

«ጭልፋውም።»

ዓይኗ ወደ መደርደሪያዋ ሄደ። ከዚያ ፊቷ በራ። «ታዲያ ጾም ነዋ! እንዲህ አትለኝም? ይሄን ሁሉ ወሬ ምን አመጣው!»

እትዬ ዘነበች የጾሙን ድስት በግራ መደርደሪያ፣ የፍስኩን በቀኝ ታስቀምጣለች። ቢላዋው፣ ጭልፋው፣ መክተፊያው ሁሉ ለየብቻ ነው። አንዲት ረዳቷ ቅቤ የነካ ማንኪያ የጾም ሽሮ ውስጥ ስላስገባች ድስቱን ሙሉ አስደፍታዋለች። ቅንጣት ታበላሻለች የሚለውን ነገር ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የውጭ አገር ሆቴሎች በስንት ሥልጠና የሚያስተምሩትን ዲላ ውስጥ አንዲት ሴት በአንድ ደቂቃ ተረዳችው። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጉንጯን ሳምኳት፤ በፎጣ መታችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይ እስክሪብቶ ያዝኩ። ማዘዣው ላይ «ጾም — ለውዝ»፣ «ጾም — እንቁላል» እያልኩ በቀይ እጽፋለሁ። እትዬ ዘነበች በቀይ የተጻፈውን ስታይ አዲስ ድስት ታወርዳለች፣ እጇን ትታጠባለች፣ ረዳቶቿን ከምድጃው ታርቃለች። በዚህ አሠራር ስንሠራ አንድም የውጭ እንግዳ አልታመመብንም። እንደ ካፖ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ያዘኝ። የወጥ ቤቱ በር ጀርባ ላይ ካርቶን ለጠፍኩና እንግዶቹ የነገሩኝን በየአገራቸው መጻፍ ጀመርኩ።

አንድ ጃፓናዊ ቀማሽ ሶባ የሚባል እህል እንዳይነካው ለመነኝ። ምን እንደሆነ ስላላወቅሁ ወረቀት ሰጠሁትና ባለ ሦስት ማዕዘን ፍሬ ሣለልኝ። ሥዕሉን ይዤ የዲላን እህል ተራ ዞርኩ፣ በገበያ ቀን ጪጩ ድረስ ሄድኩ። አንዲት ነጋዴ «ይሄ እህል ነው ወይስ የጆሮ ጌጥ?» ብላ ሳቀችብኝ። አገራችን ገበያ ላይ አላገኘሁትም። «በሰላም ብላ» አልኩት። በእነሱ አገር ግን ከዚያ እህል ኑድል ይሠራል፣ በእሱም ሰው ይታመማል።

ኖርዌዩ ደግሞ ጥሬ ፖም ሲበላ አፉን ያሳክከዋል፤ ያው ፖም ከተቀቀለ ግን ምንም አይለው። ምክንያቱን ሲነግረኝ ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር። በአገሩ በጸደይ የሚያብብ ዛፍ አለ፣ ሰው የዛፉን ብናኝ ሲተነፍስ ያስነጥሰዋል፤ ሰውነቱም ፖሙን ከዛፉ ጋር ያምታታዋል። ከእስራኤል ለመጣ ገዢ ደግሞ አደገኛው ሰሊጥ ነበር። ወጥ ቤታችን በዘይት በኩል ሰሊጥ የማይገባበት ቀን ስላልነበረ እሱ በሰነበተበት ሳምንት እትዬ ዘነበች ዘይቱን ሁሉ በአዲስ አስቀየረች። ከካፖነት ይልቅ መርማሪነት የተሰጠኝ ይመስል በየማታው አዲስ ነገር እሰማ ነበር፣ በጣምም እደሰት ነበር።

አንድ ጊዜ ተማሪዎች ሊያስተምር የመጣ የውጭ አገር ሐኪም ለሳምንታት እኛ ዘንድ ሰነበተ። ካርቶኔን ሲያይ ሳህኑን ትቶ ተነሣ። አለርጂ በየአገሩ ለምን እንደሚለያይ የሚያውቀውን ነገረኝ። ያው ለውዝ በአንዱ አገር ተቀቅሎ ይበላል፣ በሌላው ተቆልቶ፤ መቆላቱ ኃይሉን ይጨምርበታል። አንዱ ሕዝብ ለሕፃን ቶሎ ያቀምሳል፣ ሌላው ያዘገያል። የሚተነፍሱት የዛፍ ብናኝ ይለያያል፣ የሚወርሱት ደምም ይለያያል። «ገና ያልገባን ግን ከገባን ይበልጣል» አለኝ። እኔ ግን ልብ ያልኩት ከዚያ በፊት የነገረኝን ብቻ ነው። ለአስተናጋጆቼ «ፓስፖርቱን አሳዩኝና ጾሙን ልንገራችሁ!» እያልኩ እንጎራደድ ጀመር።

ካርቶኑ ላይ ለኢትዮጵያ ረድፍ አልሠራሁም ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀኝም የለም። የእኛ ሰው ሁሉን በልቶ ያደገ ነው፣ ይህ በሽታ የፈረንጅ ነው፤ እኔም፣ ጋሽ ሙላቱም፣ እትዬ ዘነበችም በዚህ አንጠራጠርም።

ባጃጅ ዲላን ባጥለቀለቃት ጊዜ፣ በአንድ ዓመት የሁዳዴ መጀመሪያ፣ ታደለ የሚባል ወጣት ከጓሮው ክፍሎች አንዱን ተከራየ። የኮንጋ ልጅ ነው፣ ጌዴኦ፣ በከተማው የቡና መጋዘን ውስጥ ጥራት ይመረምር ነበር። ረጋ ያለ፣ ሰው ሲናገር የማያቋርጥ ልጅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ «ጋሽ ግርማ፣ እኔን ወተትና ቅቤ አይስማማኝም» አለኝ።

«አይዞህ፣ ማንን ይስማማዋል!» አልኩት። «እኔም አንድ ብርጭቆ ወተት ከጠጣሁ ሆዴ ከበሮ ይሆናል።» ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ሌላ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ነበር። እኔ ግን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሄጃለሁ። ማዘዣው ላይ በጥቁር እስክሪብቶ «ጾም» ብዬ ጻፍኩ። ያንኑ ነገር አንድ ፈረንጅ ቢለኝ ቀዩን እመዝ ነበር። ይህን ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

ታደለ ሁዳዴን በሙሉ የጾም ምግብ በላ። እሱ ጴንጤ ነው፣ የእኛን ጾም አይጾምም፤ ግን ማናችንም አልጠየቅነውም። እትዬ ዘነበች በልጁ ተማረከች። «እዩት እስቲ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳይገድፍ! የእኛዎቹ ናቸው እንጂ በሥውር ቅቅል የሚያዙት» ትላለች። ጋሽ ሙላቱም ሲያልፍ ባዩት ቁጥር «በርታ» ይሉት ነበር። እሱም ግራ ገብቶት «እሺ ጋሼ» ይላል።

የፋሲካ ዕለት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ሙላቱ ሠራተኛውንና ግቢ ያለውን ተከራይ ሁሉ አንድ ገበታ ዙሪያ ሰበሰቡ። ታደለ ወደ እናቱ ወደ ኮንጋ ሊሄድ ቦርሳውን አንግቶ ነበር። «ሻይ ብቻ ጠጥቼ ልሂድ» ቢልም ማን ይሰማዋል? ሃምሳ አምስት ቀን አብሮን የጾመ ልጅ እንዴት ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል! እትዬ ዘነበች የዶሮውን ድስት ራሷ ይዛ መጣች፣ አይቡን ከጎኑ አፈሰሰችለት።

«ቅቤ አለበት እንዴ?» አለ ታደለ ወደ ኋላ እየሸሸ።

«ያለ ቅቤ ዶሮ የት አይተህ!» አልኩት እኔ።

«ጋሽ ግርማ፣ አይስማማኝም እኮ ብዬዎት…»

«ዛሬማ ይስማማሃል! ጾሙ ተፈታ!»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ጥሩ ጉርሻ ጠቀለልኩ፤ ዶሮ፣ እንቁላል፣ እንዳያቃጥለው ብዬ ደግሞ ብዙ አይብ። «በሞቴ!» አልኩት። እሱ «አይሆንም» ሊል አፉን ሲከፍት አጎረስኩት። በዲላ ከተማ ስለ ምግብ አለርጂ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል አስተናጋጅ አልነበረም። በገዛ እጄ ነው ያጎረስኩት።

ታደለ በሰው ፊት መትፋት አፈረና ግማሹን ዋጠ። የቀረውን በመሐረቡ ተቀበለ። ወዲያው አንገቱን ማከክ ጀመረ። ከንፈሩ አበጠ። ሊናገር ሲሞክር ድምፁ አልወጣም፣ በደረቱ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር ብቻ ተሰማ። እትዬ ዘነበች «ትን ብሎት ነው፣ ውሃ!» አለች። ሌላው «ዓይን ነው» አለ። እኔ ያን ከንፈር አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት እዚያው አዳራሽ ውስጥ አይቼዋለሁ።

«አለርጂ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ውሃም አትስጡት፣ ልቀቁት!» ጋሽ ሙላቱ «ምን አለርጂ አለው፣ የኮንጋ ልጅ እኮ ነው!» ሲሉኝ እኔ ታደለን አቅፌ በሩ ላይ ደርሼ ነበር። አንድ ባጃጅ ዘመድ ሊያወርድ ደጃችን ቆሞ አገኘሁ። ሾፌሩን ምን እንዳልኩት አላስታውስም። ሁለታችንንም ጭኖ በረረ። በመንገዱ ሁሉ የታደለ ጀርባ በእጄ ሥር ሲነሣና ሲወድቅ እቆጥር ነበር፤ መነሣቱ እየዘገየ ሄደ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንዲት ነርስ ተቀበለችን።

«ምን ሆነ?»

«አለርጂ ነው፣ ምግብ። አይብ በላ። ጭኑ ላይ የሚወጋ መርፌ አለ አይደል? አድሬናሊን የሚሉት!»

ቀና ብላ ነጭ ሸሚዜንና የአንገት ክራቫቴን አየች። «አንተ ማን ነህ?»

«ካፖ ነኝ።»

ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ከንፈሩን አየች፣ ደረቱን አዳመጠች፣ ሐኪሙን ጠርታ መርፌውን ጭኑ ላይ ወጉት። ኦክስጅን አደረጉለት። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አምላኬን ስለማመን ከቆየሁ በኋላ ያ ፉጨት እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደ። ታደለ ዓይኑን ገለጠና «ነግሬዎት ነበር እኮ» አለ በሻከረ ድምፅ። ድምፁን በመስማቴ ደስታው ከአቅሜ በላይ ሆነ፤ እየሳቅሁ አለቀስኩ። ነርሷ ዝም እንድል ገሠጸችኝ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ እናቱ በስልክ ሰምተው ከኮንጋ በሞተር ብስክሌት ተጭነው ደረሱ። እማማ ማርታ ይባላሉ። የልጃቸውን ግንባር ዳስሰው፣ ትንፋሹን በጆሯቸው አዳምጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነው ያጎረሰችው?» አሉ። አማርኛን ከገበያ የተማሩ ናቸው።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

እርግማን ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። «ሕፃን ሆኖ ላሟ ታለበ፣ እኔ ሰጠሁት፣ ፊቱ አበጠ። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ። እኔ ተውኩት፣ ዳነ። ሌላ ቀን በጣት ብቻ አቀመስኩት፣ ደግሞ አበጠ። ያን ጊዜ አወቅሁ። ወተት ነው። ከዚያ ወዲህ የእሱ ድስት ለብቻው ነው፣ የእሱ ቆጮ ቅቤ አይነካም። ትምህርት ቤት ሲሄድ ለአስተማሪ ነገርኩ፣ ለቅሶ ቤት ሲሄድ ለባለቤቱ ነገርኩ።»

አፌን ይዤ ሰማሁ። ያ የውጭ አገር ሐኪም ተማሪዎቹን የሚያስተምረውን ነገር እኚህ ሴት ብቻቸውን ሞክረው ደርሰውበታል። «ሌላም እንዲህ ያለ ሰው አለ እንዴ በእናንተ በኩል?» አልኳቸው። «አለ እንጂ» አሉ። የእህታቸው ልጅ እንቁላል ከበላ ሽፍ ይልበታል። አንድ ጎረቤታቸው ከአባያ የመጣ ዓሣ በልቶ ጉሮሮው ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዓሣ አይደርስበትም።

ያ የወሬ አመሌ ተነሣብኝ። ስለ ጃፓኑ እህል፣ ስለ ኖርዌዩ ዛፍ፣ ስለ ሰሊጡ ሁሉ ነገርኳቸው፤ ደስ ብሏቸው አዳመጡኝ። ሳበቃ እንዲህ አሉኝ፦ «ይሄን ሁሉ አገር ታውቃለህ። ኮንጋ ከዚህ ስንት ሰዓት ነው?»

«አንድ ሰዓት ቢሆን ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም እንግዳ ሳይጠየቅ ትእዛዝ አልተቀበልንም፤ ከቶኪዮም ይምጣ ከጎረቤታችን ከወናጎ። «አለርጂ አለብህ?» አንልም። ይህን ቃል የማያውቅ ሰው «የለብኝም» ይላል። «በልተኸው ያበጥክበት፣ ያሳከከህ፣ ትንፋሽ ያሳጠረህ ነገር አለ?» እንላለን። የወጥ ቤቱ ወረቀት ላይም «ጾም» ማለት ቀረ፤ ጾም ይፈታል።

በዚህ ሙያ ላይ ላላችሁ የምነግራችሁ ይህን ነው። ሰውን የሚጎዳው ምግብ በየአገሩ ይለያያል፣ ምግብ ማንንም የማይጎዳበት አገር ግን እኔ አላየሁም። ሰው «አይስማማኝም» ሲላችሁ ምን እንደሚያደርገው ጠይቁት፤ መልሱን ሳትሰሙ ከጠረጴዛው አትሂዱ።